ጉንጭ ላይ የተሣለ ዓይን

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንድ ተረት የማን ነው? እስከ መጨረሻው ነቅቶ የሰማው ሰው ወይስ መካከሉ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ ሲነሣ «በህልሜ አየሁት» ያለው? መልሱ ቀላል ከመሰላችሁ እኔ ሃምሳ ዓመት አስቤበት አልቀለለልኝም።

ልጅ ሳለሁ ጎንደር ውስጥ፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ በነበረች የጭቃ ቤት እንኖር ነበር። ሦስት ነበርን፤ አያታችን፣ እኔና በሁለት ዓመት የምበልጠው ወንድሜ ይርጋ። እናታችን ይርጋን ጡት ሳታስጥለው ሞታለች። አባታችን ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ እንደ ሄደ አልተመለሰም። አያታችንን ሰፈሩ «መሪጌታ» ይላቸዋል፣ እኛ «አባባ» እንላቸዋለን። ሥራቸው ለአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል መሣል ነበር። አቡጀዲውን ቤት ውስጥ ወጥረው ይሥላሉ፤ ሲያልቅ ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫንና የደብሩ ሰዎች ወስደው ግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጥፉታል።

ተረት የሰማሁት በዚያ ሙጫ ምክንያት ነው። ሙጫው ከበሬ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ይጣድና እስኪወፍር ድረስ ያለማቋረጥ ይማሰላል። ለትንሽ ጊዜ እንኳ ከተተወ ከሥሩ ያርራል፤ ያረረ ሙጫ ደግሞ ሥዕሉን ያጠቁረዋል። ማማሰያው በእኔ እጅ ነበር። አባባ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብለው ተረት ይነግሩኛል፤ ተረቱ የሚያልቀው ሙጫው ሲወፍር ነው። ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥብ ስለሚሆን ሙጫው ይዘገያል፣ ተረቱም ይረዝማል። ያኔ ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰው፣ የቆዳው ሽታ ቀሚሴ ላይ ሰፍሮ፣ ፍሙ በጋመ ቁጥር የአባባ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲያድግ፣ ፋኖሱ ሲደምቅ ደግሞ ሲያንስ እያየሁ፣ ዓለም ሁሉ ከዚያ ማሰሮ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ይርጋ አጎዛው ላይ ተጋድሞ፣ ተረቱ ገና ከደጃፉ ሳይርቅ ማንኮራፋት ይጀምራል። ጠዋት ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ ታዲያ ነጠላዬን ይይዝና፣ «እትዬ፣ ከዚያ በኋላስ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ደስ እያለኝ ነበር የምነግረው።

የአባባ ተረቶች ሌላ ቤት እንደሚነገሩት አልነበሩም። ጦጣና ቀበሮ የለባቸውም። ስለ ሣሏቸው ሰዎች ነበር የሚያወሩት። ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ይሉኝ ነበር፣ ሥዕሎቹ ከአቡጀዲው ይወርዳሉ። ፈረሰኛው ፈረሱን ቀሃ ወስዶ ያጠጣል። ዘንዶው ጦር የገባበትን ቁስል ይልሳል። መላእክቱ ክንፋቸውን አጥፈው ግድግዳ ሥር ቁጭ ሲሉ ከላባቸው ደረቅ ቀለም ይራገፋል፤ ጠዋት ወለሉ ላይ የምጠርገው ሰማያዊ ዱቄት ያ ነው። እኔም አምኜ ስጠርግ ጥቂቱን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጥ ነበር።

አንድ ሕግ ግን አለ፤ ሳልነግራችሁ ብቀር የሚከተለው አይገባችሁም። የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ጻድቁን ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ በሁለት ዓይን ይሥለዋል። ኃጢአተኛና ሰይጣን በጎን ነው የሚሣሉት፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ማን የማን ወገን እንደሆነ ከዓይኑ ይለያል።

አንድ ምሽት አባባ የነገሩኝ ስለዚሁ ነበር። ሲኦል ውስጥ የተሣለ አንድ ሰው ከአቡጀዲው ወርዶ ቀለም በሚፈጨው ሰዓሊ ፊት ቆመ። «መሪጌታ፣ አንድ ዓይን ጨምሩልኝ» አለው። «ምን ሊያደርግልህ?» «ያደረግሁትን ሙሉውን ልየው። በአንድ ዓይን የማየው ግማሹን ነው፤ ግማሹን ያየ ሰው ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የሚጸጸት።» ሰዓሊው ሕጉን ፈርቶ እምቢ አለው። ሰውየው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም ግማሹን እየተጸጸተ ይቃጠላል።

«ሰዓሊው ማን ነበር፣ አባባ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አባባ ወደ ማሰሮው አጎነበሱ። «ወፍሯል፤ አውርጂው» አሉኝ።

ይርጋ ያንን ተረት አልሰማም፤ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር። ጠዋት «ከዚያ በኋላስ?» ሲለኝም አልነገርሁትም። አንዱን እንኳ ለራሴ ላስቀር ብዬ ይሆናል።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ የአባባን ዓይን ሞራ ጋረደው። እጃቸው አልረሳም፤ በከሰል ይነድፋሉ፣ ቀለሙን ግን የምቀባው እኔ ሆንሁ። ይህ ከቤት አይወጣም ነበር። ሴት ልጅ የቤተ መቅደስ ሥዕል ነካች ቢባል የትኛውም ደብር ሥራ አይሰጣቸውም። ለጠየቃቸው ሁሉ «ይርጋ ያግዘኛል» ይላሉ። ይርጋ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበር። እጅ የለውም ልል አልችልም፤ ደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚሥላቸው ወፎች የሚበሩ ይመስላሉ። ግን ወፍ ከመሣል አልፎ ብሩሽ ይዞ ሲቀመጥ አላየሁትም። እኔ ደግሞ ልዳር ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ አምባ ጊዮርጊስ ላለ የስንዴ ነጋዴ።

በዚያ ሰሞን ኮሶዬ አጠገብ ላለ አንድ ደብር ትልቅ ሥራ ይዘን ነበር። ከታች በኩል ሲኦል አለ፤ ጥጉ ላይ አባባ በጎን የነደፉት አንድ ሰው። አንዱን ዓይን ሣልሁለት። ከዚያ ያ ተረት ትዝ አለኝ። በጎን ላለ ፊት ሁለተኛ ዓይን የት ይደረጋል? ጉንጩ ላይ አደረግሁለት፣ ከመጀመሪያው ትንሽ ዝቅ አድርጌ። ሰውየው ወዲያው ሌላ ሆነ። ያስፈራል። ደግሞም እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር። አጥፊው አጥፊው የሚለኝን ሐሳብ ትቼ፣ ከላዩ ጨርቅ ጣል አድርጌ እራት ልሠራ ተነሣሁ።

በሦስተኛው ቀን የደብሩ ሰዎች መጡ። አቡጀዲው ግቢ ውስጥ ተዘረጋ። መላእክቱን አይተው «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» ሲሉ ቆይተው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ የሆነው ገበዙ ጥጉ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ምነው መሪጌታ! ሲኦል ለወረደ ሰው ሁለት ዓይን? ያውስ ጉንጩ ላይ? ቡግንጅ ነው ወይስ ዓይን?»

አብሮት የመጣው ገበሬ ከኋላው ተሸሸገ። «አያ፣ ይኼ ሰውዬ እኔን ነው የሚያየኝ። ኧረ ጠቅልሉት!»

ሳቁ። አባባ አልሳቁም። ተንበርክከው በጣታቸው ጫፍ አቡጀዲውን ዳሰሱ፣ ያበጠውን ቀለም አገኙት፣ ጣታቸው እዚያው ቆየ። ከዚያ ሳይነሡ፣ «ማን ነው ይህን ያደረገ?» አሉ።

እኔ የቀለም መፍጫውን ድንጋይ ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ድንጋዩን አጥብቄ አቀፍሁ። ይርጋ እኔን አየኝ። ከዚያ፣ «እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ።

አባባ አለንጋውን አስመጡ። ዓይናቸው ስለማያይ ግማሹ መሬቱን ነው የሚመታው፣ ግማሹ ጀርባውን። ይርጋ መሸሽ ይችል ነበር፤ አልሸሸም። እኔ መቃኑን ተደግፌ ወደ ጓሮው አየሁ፤ ጌሾው ቅጠሉ አቧራ ለብሶ ነበር። እስከ ዛሬ የዚያን ጌሾ ቅጠል አንድ በአንድ ልሥልላችሁ እችላለሁ።

ጩኸቱን ሰምቶ፣ በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የትምህርት ቤት መምህር ወጣ። የአባባን እጅ ያዘና፣ «ይተዉት መሪጌታ፣ ልጅ ነው» ብሎ ለመነ። ዞር ሲል ሥዕሉን አየ። ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ይርጋን፣ «ይህን ከየት አመጣኸው?» አለው።

ይርጋ እንባና ንፍጡን በእጅጌው ጠረገ። እንደገና ወደ እኔ አየ። ተረቱን አያውቀውማ! ምን ይበል?

«በህልሜ አየሁት» አለ።

በዚያች አንዲት ቃል ሰው ሆነ። መምህሩ ደብዳቤ ጻፈ፣ ስለ ልጁ ህልም ላገኘው ሁሉ ነገረ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ይርጋን አዲስ አበባ ያለው የሥዕል ትምህርት ቤት ተቀበለው።

የግርፊያው ዕለት ምሽት ግን አንድ ነገር ሆነ። ሙጫ ተጥዶ እያማሰልሁ ነው። ይርጋ በሆዱ ተኝቷል። የደብሩ ሰዎች ሥዕሉ ይታረም ብለው ትተውት ሄደዋል። አባባ፣ ያንን ዓይን በጥቁር ደፍኚው አሉኝ፤ ማሰሮውን አውርጄ ደፈንሁት። ብሩሹን ስዘፈዝፍ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የሽዬ» አሉኝ፣ «ሁለተኛው ዓይን ሸጋ ነበር። እጅሽን አላጣውም።»

አውቀው ነበር የገረፉት። ሴት ልጅ ሣለችው ከሚባል ወንድ ልጅ አበላሸው ቢባል ይሻላቸው ነበር። ሥራቸውን አዳኑ፣ እኔንም ከአለንጋ አዳኑኝ፣ ስሜን ግን በጥቁር ደፈኑት፤ ያውም በገዛ እጄ። ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ከዚያ በኋላም አልነበረም።

ሁለት ወሩ ሲሞላ እሱ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሄድን። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ምክንያት አገኝ ነበር። የይርጋ የመጀመሪያ ደብዳቤ በአውቶቡስ መጣልኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ ምግቡ ይጽፍና በመጨረሻ እንደ ቀልድ፣ «ብታይ እትዬ፣ ሁለት ሴቶችም አብረውን ይማራሉ» ይላል። የስንዴው ክምር ላይ ተቀምጬ ያችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኋት አላውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ ያዘንሁት ሴት በመሆኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቅናት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ቅናት ነው።

ትምህርቱ መጀመሪያ አልሆነለትም። ከጀሶ የተሠራ የፈረንጅ ራስ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡና ሣሉ ይሏቸዋል። እኛ ቤት ጥላ አይሣልም፤ ስለዚህ ጥላውን ይተውና ዓይኑን ያሳምራል። አስተማሪው «የዚህ ሰውዬ አገር ፀሐይ የላትም እንዴ?» ብሎ ክፍሉን አሣቀበት። ይህን ሲጽፍልኝ እኔም ሣቅሁ፤ ብቻዬን፣ ክፉ ሣቅ። ከዚያ ግን ሌላ ደብዳቤ መጣ። ሌላው አስተማሪ የዚያን የዓይን ታሪክ ሰምቶ፣ ህልምህን ሣል፣ በውጭ አገር እንዲህ የሚሥሉ ሱሪያሊስት የሚባሉ ሰዎች አሉ ብሎታል። «እትዬ፣ በየሳምንቱ ህልሜን ይጠይቁኛል። እኔ እንደምታውቂው ስተኛ ሬሳ ነኝ፤ ምንም አላይም። የአባባን ተረቶች ጻፊልኝ። አንቺ ነቅተሽ ነበር።»

ጻፍሁለት። ባሌ ሲያንቀላፋ ኩራዙን ጠጋ አድርጌ፣ ምድጃው ሥር ተቀምጬ፣ ቀሃ የወረደውን ፈረሰኛ፣ ላባቸው የሚራገፈውን መላእክት ጻፍሁለት። የአባባን ስጨርስ የራሴን ጨመርሁ። የዓይኑን ተረት ብቻ አልጻፍሁም። በየደብዳቤው «ሥዕሌን ወደዱት» ይለኛል። «ሥዕላችንን» ብሎ አያውቅም። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት፣ የመመረቂያ ሥራውን ሊጀምር ሲል፣ ተንኮል አሰብሁ። መምህራኑ ፊት የሚያዋርደው የማይረባ ነገር ልጻፍለት አልሁ። አንዲት ሴት ነበረች፤ ከቤት መውጣት ስለተከለከለች ዓይኖቿን ገበያ ትልካቸዋለች። በየተራ ይሄዳሉ። ግራው ይመለሳል፣ ቀኙ የስንዴ ክምር ላይ ተቀምጦ ያየው ነገር ስላማረው ቀረ። እሷም ባንድ ዓይኗ በር በሩን ታያለች። ይኸው ነው፤ መጨረሻም የለው። «አባባ በጣም የሚወዱት ተረት ነው» ብዬ ዋሸሁና ላክሁት። አባባ ያኔ ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ሣለው። ሽልማቱን አገኘ፣ ሥዕሉ ባሕር ተሻገረ፣ ይርጋም አብሮት። ደብዳቤው ቆመ፤ ስለ ሱሪያሊስቱ ሰዓሊ የማውቀው፣ ጠጅ ቤት ጋዜጣ የሚያነብ ማንኛውም ሰው የሚያውቀውን ያህል ብቻ ሆነ።

እኔም ባሌን ትቼ ወጣሁ። መጀመሪያ ካርቱም፣ ኋላ ስቶክሆልም። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንባቢ የመለሳቸውን መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስመልስ ኖርሁ፤ ከመመለሴ በፊት አነባቸው ነበር። አንድ ክረምት አንድ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ስገልጥ ያቺ ሴት አየችኝ። በጎን ተሥላለች። ግራ ዓይኗ ቦታው ላይ ነው፣ ቀኙ በሩቁ ስንዴ ላይ። አፍንጫው የእኔ ነው። አገጩ የእኔ ነው። ከሥሩ «አያቴ የነገሩኝ ተረት» ይላል። መጽሐፉን ከሌላ ክፍል መደርደሪያ ውስጥ፣ ማንም ከማይፈልግበት ቦታ ሸጎጥሁት።

ባለፈው ጥር ወደ ጎንደር ተመለስሁ። ከተማዋን ናፍቄ አይደለም፤ ይርጋ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥዕሎቹን እንደሚያሳይ ስለሰማሁ ነው። ሽማግሌ ሆኗል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው፣ ወጣቶቹ ከበውት በስልካቸው ያነሡታል። አንዲት ልጅ፣ በልጅነቱ ሣለው የሚባለውን ባለ ሁለት ዓይን የሲኦል ሰው ታሪክ ስትጠይቀው ሰማሁ። «በህልሜ ነው ያየሁት» አላት፤ ሃምሳ ዓመት ሲደጋግመው እሱም አምኖታል። ከዚያ ቀና ሲል አየኝ። ከዘራው ወደቀ። አቅፎኝ አለቀሰ፣ ወደ ልጆቹም ዞሮ፣ «ታላቅ እህቴ የሺ ናት፤ አያቴ ቤት ቀለም ትፈጭልን ነበር» አላቸው።

ትፈጭልን ነበር።

ሰዉ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ያቺ ሴት ያለችበት ሥዕል ሥር ሁለት ወንበር አስመጣ።

«ህልም ነው አልሃቸው?» አልሁት።

«እንቅልፋም መሆኔን አንቺ አታውቂም እንዴ፣ እትዬ? ነቅቼ ነበር ብል ማን ያምነኛል?» ብሎ ሣቀ። አልሣቅሁለትም። ሣቁን አቆመ። «እሺ፤ ያንቺ ነው። ያም ያንቺ ነው፣ ይቺም ያንቺ ናት። ይቺኛይቱን ደግሞ አባባ እንዳልነገሯት ያን ጊዜም አውቄያለሁ። አባባ ስለ ገበያ ተርተው አያውቁም።»

«ካወቅህ ለምን በአንድ ዓይን ሣልኸኝ? ሕጉን ታውቃለህ።»

እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ። ጣቶቹ እንደ አባባ ጣቶች ሆነዋል።

«አለንጋው ሲያርፍብኝ ቀና ብዬ ፈለግሁሽ፣ እትዬ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ጓሮውን ታዪ ነበር። የታየኝ አንድ ዓይንሽ ብቻ ነው። ብትዞሪልኝ ኖሮ በሁለት ዓይን እሥልሽ ነበር።»

አንድ ሰው አምፖሎቹን ከወዲያኛው ጥግ ጀምሮ ያጠፋ ነበር።

«እኔ ትቼልሻለሁ» አለኝ። «አንቺም ተይልኝ። ይቅር ተባብለን እንሙት።»

ተነሥቼ ወጣሁ።

አሁን ይህን ስጽፍ ከዚያ ሁሉ የቀረኝ የሙጫው ሽታ ነው፤ ቆዳ ሲቀቀልና እርጥብ እንጨት ሲጨስ። በተረቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሁለተኛ ዓይን የለመነው ሙሉውን አይቶ ሙሉውን ሊጸጸት ነበር። እኔ ሙሉውን አይቻለሁ። የአባባን ጣት አቡጀዲው ላይ ሲቆይ፣ የይርጋን ጀርባ፣ የራሴን የዞረ አንገት፣ ሁሉንም። አይቼ ግን አልለሰለስሁም። ተረቱ እዚህ ላይ ተሳስቷል፤ ወይም አባባ መጨረሻውን ሳይነግሩኝ ሙጫው ወፍሯል።

አባባን ይቅር አላልሁም። ይርጋን ይቅር አላልሁም። በሩ ላይ ቆማ ጌሾ የምታየውን ልጅም ይቅር አላልኋትም፤ አልላትምም።